ያልረጠበ አፈር

የካቲት 18፣ 2017፣ መርሳ

ደብዳቤው «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። ከወልድያ መርሳ ያወረደኝ ቅልጥፍና ይኸው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ የማይከፈት መስኮት። የኤሌክትሪክ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነኝ። መሣሪያዬ ከቦርሳዬ የማትለይ፣ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን የምታሳይ አንዲት ቴስተር ናት።

እውነቱን እዚህ ላስቀምጠው፤ ሌላ የሚጠይቀኝ የለም። ወልድያ ላይ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አላሳልፍም አልኩ። የግራውንድ ሽቦው ከየሶኬቱ ተነስቶ ግድግዳ ውስጥ ይገባና እዚያው ያልቃል። መሬት አይደርስም። ግራውንድ ማለት ብልሽት ሲፈጠር ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል ሳይሆን በሽቦ በኩል ወደ አፈር እንዲወርድ የተሠራለት መንገድ ነው። እዚያ ሕንፃ ውስጥ መንገዱ የለም። አልፈርምም አልኩ።

ወንዳወቅ ፈረመ። አንድ ክፍል፣ ፊት ለፊት ጠረጴዛ፣ ሦስት ዓመት አብረን የሠራን። ፈረመና ምሳ ሄደ።

ሁለተኛም በደል አለ። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ብሔራዊ ደረጃ እየተከለሰ ነው። ለቴክኒክ ኮሚቴው ከእኛ አካባቢ አንድ ባለሙያ ይላክ ሲባል የእኔ ስም ነበር የሄደው። አሁን የሚሰበሰበው አለቃችን አቶ አንዳርጋቸው ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። ደብተሩ ግን የእኔ ነው፤ እዚህ «እሱ» ነው።

የካቲት 24

ሁዳዴና ረመዳን ዘንድሮ አብረው ገቡ። ከተማው ሁሉ ቀን ቀን አፉን ዘግቶ ይውላል። ለእኔ ተስማምቶኛል፤ ለምን ብቻዬን ምሳ እንደምበላ የሚጠይቅ የለም። ምሳ የለም።

የጋሽ ሰይፈዲንን ወፍጮ ቤት አየሁ። የምትፈጨው ምራታቸው ሳሚራ ናት። ከሞተሩ ፊት ጣውላ አንጥፋ፣ ፕላስቲክ ጫማ አድርጋ ትቆማለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አመለኛ ናት» አለችኝ ወፍጮዋን እያሳየች። «እንደ በቅሎ ናት። መጀመሪያ በእጅሽ ጀርባ ትነኪያታለሽ። ዝም ካለች ትይዣታለሽ።»

«ትነዝራለች ማለት ነው?»

«ሁልጊዜ አይደለም። በክረምት ጨዋ ናት። በጋ ላይ ነው የሚብስባት።»

ጋሽ ሰይፈዲን ከግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። ማኅተሙ የእኛ ነው። ተለክቶ አልፏል ይላል፣ ነሐሴ ላይ።

«ግራውንዱ በደንብ መቀበር አለበት» አልኳቸው። «ሁለት ሦስት የብረት ዘንግ ጨምረው ጠለቅ አድርገው ይትከሉ።»

«ልጄ፣ ወረቀት ካለኝ ለምን እቆፍራለሁ?»

ማኅተሙን ደግሜ አየሁት። ወረቀቱን የሰጠው የእኛ መሥሪያ ቤት ነው።

የካቲት 29

የቤት አከራዬ እትዬ አማከለች ከጎረቤት ጋር በግቢው ሲያወሩ፦ «ተቀጥታ ነው የመጣች አሉ።» «ምን አድርጋ?» «እንጃ። ምላሷ ይሆናል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ባል የሚለው ቃል ግን ተሰማኝ።

ሻይ ይዘውልኝ መጡ። ጠጣሁ። ምን ላድርግ።

መጋቢት 5

የደረጃው ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ወጣ። ኔትወርክ መጥቶ እስኪያወርድልኝ ሁለት ቀን ፈጀ። በስልኬ ላይ አንድም ገጽ ሳልዘል አነበብኩት።

ደረጃ ሲወጣ እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ መሐንዲስ ተቀምጦ አይጽፈውም። አስመጪው፣ አምራቹ፣ ኮንትራክተሩ፣ መምህሩ፣ ተቆጣጣሪው፣ የሸማቹ ተወካይ ተሰብስበው በየአንቀጹ ይከራከራሉ። ድምፅ አይቆጠርም። ተቃውሞ ያለው ምክንያቱን ያቀርባል፤ መልስ ሳያገኝ አንቀጹ አይዘጋም። ከዚያ ረቂቁ ለሕዝብ ይወጣል። ማንም ሰው፣ መርሳ የተጣለችም ብትሆን፣ አስተያየት መላክ ይችላል። ኮሚቴው ለእያንዳንዱ አስተያየት በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት፤ ተቀብለናል ወይም በዚህ ምክንያት አልተቀበልንም። ላኪው ራሱ መልሶ ካልወሰደው በቀር ዝም ብሎ መጣል አይቻልም።

ተማሪ ሆኜ ይህን ስሰማ አልቅሼ ነበር ብል ማን ያምነኛል። መምህሩ እንኳ እያዛጋ ነበር የሚያስተምረው።

ረቂቁ ላይ ያገኘሁት፦ ግራውንድ አንዴ፣ መስመሩ ሲገናኝ፣ ይለካል ይላል። በየትኛው ወር እንደሆነ አይልም። አፈር ሲረጥብ ኤሌክትሪክ ይቀበላል፤ ሲደርቅ እምቢ ይላል። እዚህ አገር ነሐሴ ላይ የማያልፍ ግራውንድ የለም። «በክረምት ጨዋ ናት።»

ይህን ለመጻፍ በደረቅ ወር ለክቼ ማሳየት አለብኝ። የግራውንድ መለኪያው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወልድያ፣ የወንዳወቅ ቁም ሣጥን ውስጥ።

አልደውልም።

መጋቢት 8

ደወልኩ። «መለኪያውን ለሁለት ሳምንት እፈልገዋለሁ» አልኩት። «ለምን?» አላለም። «አቶ አንዳርጋቸው እንዳይሰሙ» ብቻ አለ። እንደዚያ ነው እሱ። ጥሩ ነገር ሲያደርግም ተደብቆ ነው።

መጋቢት 10

ራሱ ይዞት መጣ። በሞተር። ልልክልሽ አላለም።

ከስቷል። ሳሉ አሁንም አለ፤ ያቺ ከንግግሩ በፊት የምትቀድም ደረቅ ሳል።

«እንዴት ነው መርሳ?» አለኝ።

«ቀልጣፋ ነው።»

መሬት መሬት አየ። ስለ ሕንፃው ሊነግረኝ ጀመረ፤ ወንድሙ፣ የቤቱ ችግር፣ አቶ አንዳርጋቸው ምን እንዳሉት። «ወንዳወቅ፣ ሥራ አለኝ» አልኩት። ሥራ አልነበረኝም። ከሰዓቱን ሙሉ መስኮቱን ሳይ ዋልኩ። ያውም የማይከፈተውን።

ውሃ እንኳ አላቀረብኩለትም። ጾም ነበር፤ ግን ውሃ ይጠጣል።

መጋቢት 12

ወፍጮ ቤቱን ለካሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት እመጣለሁ ብዬ ለጋሽ ሰይፈዲን አስቀድሜ ነግሬ ነበር። የመለኪያውን ሁለት ችካሎች ተከልኩ፤ ገመዱን ዘረጋሁ፤ ቁልፉን ተጫንኩ።

ዘጠኝ ኦም። ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ኤሌክትሪኩን ይቀበላል ማለት ነው። እንከን የሌለው።

ደገምኩት። ዘጠኝ። ጋሽ ሰይፈዲን ፊቴን አይተው «ጥሩ ነው አይደል?» አሉ። «ጥሩ ነው» አልኩ። በሽታ አጥቶ እንዳዘነ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ፤ አፈርኩ።

ምናልባት አቶ አንዳርጋቸው ልክ ነው። ምናልባት ተናዳጅ ብቻ ነኝ። እማዬም ይህን ትለኝ ነበር፤ እሷ ግን እየሳቀች።

መጋቢት 13

ውርጌሳ። የመስኖ ፓምፕ። ለባለቤቱ ትናንት ደውዬ ነበር። አሥራ አንድ ኦም። ያልፋል።

ሳሚራ የተናገረችው ግን ውሸት አይደለም። ሰው ጣውላ ላይ የሚቆመው አምሮት አይደለም።

መጋቢት 15

ተገኘ። 

ጠዋት በወፍጮ ቤቱ በኩል ሳልፍ ሳሚራ ደጁን ውሃ ስትረጭ አየኋት። ከንፈሯ በጾም ደርቋል፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ ግን በጣሳ እየቀዳች ትረጫለች። «ምነው?» አልኳት።

«የጤና ጣቢያ ሰዎች ይመጣሉ ብለዋል። አቧራ ላይ እንግዳ እንዴት ይቆማል?»

«ለእኔም ረጭተሽ ነበር? ያን ቀን?»

«ወላሂ፣ ለአንቺማ ከዋዜማው ጀምሬ ነው። ኢንጂነሯ ትመጣለች ተብሎ።»

የግራውንዱ ዘንግ የተተከለው እዚያው ደጅ፣ ከበሩ ሥር ነው። ከዋዜማው ጀምራ አጠጥታዋለች። የውርጌሳውም ሰውዬ፣ በሄድኩ ቀን፣ ደጁ እርጥብ ነበር፤ ጫማዬ ጭቃ ይዞ ነበር። ማንም አላታለለኝም። አክብረውኝ ነው። ለእኛ ለተቆጣጣሪዎች ሁልጊዜ ይረጫል። እኛ ሁልጊዜ እናሳልፋለን።

መጋቢት 19

ሳልናገር ሄድኩ። የደጁ አቧራ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ሳሚራ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሮጣ ባልዲ አነሳች። «እባክሽ ተይው» አልኳት። «እንዴት እንዲህ እንቀበልሻለን?» አለች፤ ሊያስለቅሳት ደረሰ። ባልዲውን ከእጇ መቀበል ነበረብኝ። ያሳፈርኳት እኔ ነኝ።

መቶ ስልሳ ኦም።

ይህ ማለት፣ የሞተሩ ሽቦ ውስጥ ውስጡን ተልጦ አካሉን ቢነካ፣ ወደ አፈር የሚወርደው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ብሬከሩ ወድቆ ኤሌክትሪኩን አይቆርጥም። ምንም ያልተፈጠረ ይመስል ወፍጮው ይፈጫል። ብረቱን የነካ ሰው ግን መንገዱ እሱ ይሆናል። ይህን ለጋሽ ሰይፈዲን ብነግራቸው ዳግመኛ ወረቀቱን አሳዩኝ።

መጋቢት 24

በየቀኑ ሳልናገር ሄድኩ። ወፍጮ፣ ፓምፕ፣ የብረት በያጅ ቤት። ከሲሪንቃ ማዶ እስከ ውርጌሳ። ያለፈ የለም ማለት ይቻላል። መለኪያውን ለወንዳወቅ በሾፌር መለስኩለት፤ ምስጋና አልጻፍኩበትም። ቸኩዬ ነው።

አስተያየቴን ላክሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር፦ መለኪያው ከዝናቡ በፊት ባለው ደረቅ ወር ይሁን፤ አስቀድሞ ሳይነገርና ዘንጉ አጠገብ ውሃ ሳይፈስስ ይሁን። ከሥር ያገኘሁትን ውጤት አስገባሁ።

«የላኪ ድርጅት» የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ስሜን ብቻ።

ሚያዝያ 14፣ ወልድያ

ለፋሲካ መጣሁ። እማዬ ደረጃውን ስትወጣ ግድግዳውን ትይዛለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቃት «እንዲሁ ነው» አለች። ዳቦ የሚገዛላት የጎረቤት ሰው ነው። «እኔን አታስቢ» አለችኝ። ማታ ማታ የማስበው ይህን ነው።

አቶ አንዳርጋቸው ቢሮው አስጠራኝ። እንኳን አደረሰሽ አለና በሩን ዘጋ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ አይናለም።»

«አላልኩም።»

«ፊትሽ ይላል።» ወረቀት አገላበጠ። «አስተያየትሽን መልሰሽ ውሰጂው። አንድ ኢሜይል ነው። በሰኔ ወልድያ ትመለሻለሽ፤ ከእናትሽ ቤት ሥራ ትገቢያለሽ።»

«ለምን ይህን ያህል አስጨነቀዎት?»

ወረቀቱን አስቀመጠ። «በደረቅ ወር ይለካ ከተባለ፣ እስከ ዛሬ በእኛ ማኅተም ያለፈው ሁሉ ይጠየቃል። አንቺስ ስንቱን ነሐሴ ላይ ፈርመሻል?»

«ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ነው የጻፍኩት።»

«ወጣት ነሽ» አለኝ። ስድብ አስመስሎ።

በኮሪደሩ በኩል ስወጣ የወንዳወቅ በር ክፍት ነበር። የእኔ ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ተከምሮበታል። እሱ አልነበረም። ለማረጋገጥ ብዬ ሁለቴ አለፍኩ፤ ካርቶኑን ለማረጋገጥ።

ግንቦት 3፣ መርሳ

እማዬ ወድቃ ነበር። ዛሬ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት። የነገረችኝ ጎረቤቷ ናት። «አትንገሪያት» ብላት ነበር አሉ።

ኢሜይሉን ጻፍኩት። «ያቀረብኩትን አስተያየት መልሼ መውሰዴን እገልጻለሁ።» አጭር ናት። ስታነቢያት ምንም አትመስልም። አልላክሁም። አልሰረዝኩም።

ማን ነው የሚያመሰግነኝ? ደረጃ ላይ የጻፈው ሰው ስም አይወጣም። ሳሚራ ሳትሞት ብትኖር፣ ሳትሞት የኖረችው በእኔ እንደሆነ አታውቅም። እኔም አላውቅም። ሰው ላልሞተበት ቀን ምስክር የለውም። እናቴ ግን ደረጃው ላይ ናት፤ የእሷ ደረጃ ድንጋይ ነው፣ በእጅ ይዳሰሳል።

ወልድያ መመለስ እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ለእናቴ ስል ነው።

ግንቦት 9

ሳሚራን ወፍጮው ጣላት።

ከጣውላው ላይ ወርዳ የተረፈ ዱቄት ስትጠርግ ነው፤ ክንዷ ብረቱን ነካ። ወርውሮ ግድግዳው ላይ አጋጫት። ስደርስ ተቀምጣ ነበር፤ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት፣ ነጠላ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተኝቷል። ሴቶቹ ከበዋታል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዱቄቱ አልተደፋም» አለች። አንዷ ሳቀች፤ ሌሎቹ አልሳቁም።

ጋሽ ሰይፈዲን ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አንስተው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «አልፏል ይላል እኮ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከሰዓት ዘንግ ሊጨምሩ መቆፈር ጀመሩ።

ኢሜይሉን ሰረዝኩት።

ግንቦት 15

ስብሰባ። ኮሚቴው አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ የእኛ ሰዎች ከወልድያ በቪዲዮ ይገባሉ፤ አስተያየት ሰጪ ስለሆንኩ እኔም ወልድያ ተገኝቼ እንዳስረዳ ተፈቅዶ ነበር። ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ዛሬ መንገድ የለም ተባለ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ሻንጣውን አንስቶ ይመለሳል። በስልክ ገባሁ። ድምፅ ብቻ። እትዬ አማከለች ጓሮ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ግንብ ላይ ተቀምጬ።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሮማን ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት። አስተያየቴን አነበቡ።

አቶ አንዳርጋቸው ቀደመኝ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ሰው ደጁን ውሃ ቢረጭ በደረጃ ልንከለክለው ነው?» ብዙ ሰው ሳቀ። የማላየው ክፍል ሲስቅብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«ወይዘሪት አይናለም፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል። መርጨት ይከልከል አላልኩም። በተረጨ መሬት አይለካ ነው ያልኩት።»

የአስመጪዎቹ ተወካይ «ይህ የአንድ ወረዳ ልማድ ነው፤ ይህ ግን ብሔራዊ ደረጃ ነው» አለ።

«እንግዳ የማይከበርበት ወረዳ ካለ እሱን አውጡት» አልኩ። ደግሞ ሳቁ፤ ይኼኛው ሳቅ ሌላ ነበር።

ስለ ሳሚራ ነገርኳቸው። ስሟን አልጠራሁም። እጇን ነገርኳቸው።

ወይዘሮ ሮማን «ከወልድያ በኩል» አሉ፣ «በደረቅ ወር የለካችሁት ካለ ተቃውሟችሁን በእሱ ብታስረዱን።»

«ባለሙያችን ይመልሳል» አለ አቶ አንዳርጋቸው።

ያቺ ሳል። ክፍሉ ውስጥ እንዳለ አላወቅኩም ነበር። ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«የለንም» አለ ወንዳወቅ። «የለካነው ሁሉ ክረምት ላይ ነው። እኔም የለካሁት።»

አለቃው አጠገቡ ተቀምጦ ነው ይህን ያለው። አንድ ጊዜ እውነት ስለተናገረ ላመሰግነው? ሕንፃው ላይ የት ነበር? አልደውልለትም።

ግንቦት 21

የጽሑፍ መልሱ መጣ። በከፊል ተቀብለናል። ሰው ብረታቸውን እየነካ ለሚሠራባቸው፣ ለወፍጮ፣ ለፓምፕና ለመሰል ማሽኖች፣ ግዴታ፤ በደረቅ ወር፣ ሳይነገር፣ ባልረጠበ አፈር። ለመኖሪያ ቤት ግን «ይመከራል» ብቻ። በሚቀጥለው ክለሳ ይታያል ተብሏል።

ግማሽ። ግማሹን ለማን እንደምናገር ቸገረኝ። ለእማዬ ደወልኩ። «ታዲያ መጣሽ?» አለች።

ሰኔ 6

ከአቶ አንዳርጋቸው ደብዳቤ። ደረጃው እንደሚጸድቅ ስለሚጠበቅ፣ መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ወፍጮዎችና ፓምፖች በሙሉ በአዲሱ አሠራር ይለካሉ፤ ሐሳቡን ያቀረበችው ባለሙያ ሥራውን ትመራለች። ለመለካት ደረቅ ወር ስለሚያስፈልግ ሥራው እስከሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ይዘልቃል። እስከዚያ ወደ ወልድያ የመመለሷ ጉዳይ አይታይም።

በራሴ አንቀጽ አሰረኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስህተት የለበትም። ደብዳቤ መጻፍ ያውቃል።

ቂም ነው። ሥራም ነው። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም፤ እሱም የሚችል አይመስለኝም። መልሴን ጻፍኩ፦ ሥራውን ተቀብያለሁ፤ መለኪያው በእኔ ስም ይላክልኝ።

እማዬን መስከረም ላይ ወደዚህ አመጣታለሁ። እትዬ አማከለች አንድ ክፍል አላቸው፤ ደረጃ የለውም። እምቢ ትላለች። አመጣታለሁ።

መለኪያውን ማን እንደሚያመጣው አልጠየቅኩም።

ሰኔ 13

ዛሬ ይደርሳል ተብሎ መናኸሪያ ወረድኩ። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ሚኒባሱ ዘግይቶ ገባ። ሰው ሁሉ ወረደ፤ ሽንኩርት፣ ዶሮ፣ አንዲት አራስ።

መለኪያው ከሾፌሩ ኋላ መስኮት ዳር ወንበር ላይ ነበር። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ እንዳይወድቅ በገመድ ታስሮ።

«ጭን ላይ ይያዝ ብለን ነበር» አለኝ ረዳቱ ገመዱን እየፈታ። «ሰውየው እምቢ አለ። ሙሉ ወንበር ከፈለለት።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ወልድያ። እየሳለ ሲያስር የነበረው።»

ተቀበልኩት። ከባድ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ጨለማ ስለነበር፣ ሳይወርድ የቀረ ሰው እንዳለ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«ሌላ ዕቃ አለሽ?» አለኝ ረዳቱ።

«የለኝም» አልኩት። በሩን እስኪዘጋው ድረስ ግን ቆምኩ።